በሰው ኪስ ያደረ ድምፅ

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነው። መተማ ዮሐንስ፣ ጉምሩኩ አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የፕላስቲክ ሳፋ ጭነቴን ወረቀት ላስጨርስ ተሰልፌ ላቤን እጠርጋለሁ። ከኋላዬ የቆመ ሰው ስልኩ ጮኸ። ስልክ መጮኹ ብርቅ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ከሰልፉ በቀር ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይጮኻል። ይሄኛው ስልክ ግን በሴት ድምፅ «አንተ ኑሩ! ያን ነገር አጥፋው ብዬሃለሁ!» አለ። እኔም ሳላስበው «አቤት» አልኩ። ሰልፈኛው ዞሮ አየኝ፣ አንዳንዱም ሳቀ። አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ድምፁ የዘሀራ ነበር፤ ከቀበርኳት አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ሚስቴ።

ባለ ስልኩ ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ ወጣት ነው፤ ስሙን ኋላ ሙሉቀን ብሎ ነገረኝ። ትከሻው ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ፣ ስልኩን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት፣ እጄን ስልኩ ላይ ጭኜ።

«ኑሩን ነው? ኧረ ጋሼ፣ ኑሩን አያውቁትም እንዴ? የአጨዳው ካምፕ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ሥራ ሲያበላሽ ‹አንተ ኑሩ› ነው የምንለው።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«ሰውየውማ ሞቷል ይላሉ። ሚስቱ ጮኻበት ጮኻበት ነው አሉ የሞተ።»

ይኸውላችሁ፣ ከኮኪት እስከ አብርሃ ጅራ ሚስቱ የምትቆጣው ሰው ሆኜ ስሜ ሲዞር ኖሯል፣ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። «ኑሩ አልሞተም» አልኩት። «የሞተችው እሷ ናት።» ልጁ ባርኔጣውን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዘው። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለ። ተራዬ ደርሶ ሰው ከኋላ ይገፋኛል፤ እኔ ግን ከሰልፉ ወጥቼ «እስቲ ድገመው» እያልኩ ልጁን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። የነበረው ያ ቁጣ ብቻ ነው፣ ከቁጣው በፊት ያለው ዘፈን የለም። ለጥሪ እንዲመች ተቆርጦ የቀረው መጨረሻው ነው።

እኔ የምፈልገው ደግሞ ዘፈኑን ነበር። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ያን ጊዜ ሱቄ ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚያሻግረው ድልድይ ሳይደርስ በስተግራ ነበረች፤ አንድ በኩሏ ጀላቢያ የሚሰፋ ሱዳናዊ፣ ሌላ በኩሏ ከርከዴ በጆንያ የሚሸጥ ሰው። ስፋቷ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ያህል ቢሆን ነው። ከጎንደር በአይሱዙ ያስመጣሁት፣ የኋላው እንደ እርጉዝ ሆድ የወጣ ኮምፒውተር ነበረኝ፤ ሙቀት ሲበዛበት በቁሙ ይተኛል። እርጥብ ፎጣ ጣል አደርግበትና እስኪነቃ ከርከዴ እጠጣለሁ። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ሁለት ብር፣ አሥር ዘፈን መጫን አምስት ብር። ሚሞሪ ካርድ የጣት ጥፍር እያከለች ዋጋዋ የአንድ ሸሚዝ ነበር። የቀን ሠራተኛው ከደጋ ሲወርድ አረንጓዴ ቁምጣና የላስቲክ ጫማ ያደርጋል፤ ሰሊጡ ተሰብስቦ ወደ አገሩ ሲመለስ ግን አታውቀውም። ወርቃማ ፊደል የተጻፈበት ሸሚዝ፣ የሱዳን ነጠላ ጫማ፣ ጠረኑ ከአንድ መንደር ማዶ የሚሰማ የሱዳን ሽቶ፣ ደረቱ ላይ ደግሞ ሁለት ሲም የሚወስድ፣ አንቴና የሚመዘዝለት የቻይና ስልክ። ስልኩ ሲጮኽ የገበያው አህያ ይደነግጥ ነበር። ዛሬ ሁሉም ስልክ ጠፍጣፋና ጥቁር ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ ካላነሣኸው አይታወቅም። ሱቄም አሁን ሳፋና ጆግ ትሸጣለች። ሳፋ ደግሞ አይዘፍንም፣ ቢሆንም አይበላሽም።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። ዋነኛ ተፎካካሪዬ ያ ዛፍ ነው። ለአምስት ብር የሳሳ ሁሉ ከሥሩ ይቀመጥና ስልክ ለስልክ፣ በብሉቱዝ፣ ዘፈን ይቀባበላል። ሰላምታቸው «እንዴት ዋልክ» አይደለም፣ «ምን ይዘሃል?» ነው። ወሎዬው የወሎውን ይሰጣል፣ ጎጃሜው የጎጃሙን፤ የሹፌሩ ስልክ ላይ ደግሞ የሱዳን ዘፈን አለ። ሁለት ስልክ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ወጠምሻ ትንፋሹን ይዞ «እንዳትነካው! እንዳትነካው!» ሲባባል ብታዩ፣ እንቁላል ሊፈለፈል ነው ትላላችሁ። ስልኮቹ ሁሉ ከፋብሪካ የወጡበት ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ለዚህ የተላከው ለዚያ ይደርሳል። የደረሰው ሰው ግን አይመልስም፤ «መጣልኝ» ብሎ ያዳምጣል። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የወሰደ ይሰጣል። ወስዶ ብሉቱዙን ዘግቶ የሚሄደውን «ጉድጓድ» ይሉታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ሁሉም ስልኩን ኪሱ ይከታል። እኔ ነጋዴ ነኝና ዛፉን ላስቆርጠው ሁለቴ አስቤያለሁ። ያልቆረጥኩት ጥላው ለእኔም ስለሚደርስ ነው።

ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ዛፉ ሥር ያሉት የሚጠይቁት እኔን ነበር። «ጋሽ ኑሩ፣ ያቺ የሠርግ ዘፈን ማን ጋ አለች?» ይሉኛል። የራሴ ኮምፒውተር ላይ ከሌለች «ኮኪት ሂድ፣ ትራክተር የሚነዳው ወሎዬ ጋ አለች» እላለሁ። በነፃ ነው የምነግራቸው። ማን ምን እንደያዘ ማወቅ ለነጋዴ እንደ እስትንፋስ ነው፣ አይሸጥም።

ዘሀራን የቀዳኋት በዚያው ሰሞን ነው። ከጓሯችን መጋዘን ሴቶች ሰሊጥ ያበጥሩ ነበር፤ ዘሀራም አብራቸው ትሠራለች፣ ሰሚራን አዝላ። ሰሚራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጃችን። ዘሀራ ወንፊቱን በነቀነቀች ቁጥር ልጅቷም ጀርባዋ ላይ አብራ ትነቀነቃለች። እያበጠረች ታስተኛታለች፣ ከራሷ እያወጣች ትዘፍንላታለች። በአንድ በኩል የሱቄ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። አዲስ ስልኬን በጆንያ መጋረጃው ቀዳዳ አሾልኬ ቀዳኋት፤ ምናልባት አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። መጨረሻ ላይ አየችኝና ያን ሰልፍ ላይ የሰማችሁትን ጮኸች፣ ቀጥላም ሳቀች። ሴቶቹም ሳቁ።

ዘፈኑን ሠራተኛው በወሬ ሰማ። ዛፉ ሥር ያሉት መጥተው «ያቺን የወንፊቷን ስጠን» አሉኝ። እኔ የሰውን ሁሉ ዘፈን ስሸጥ የምውል ሰውዬ፣ የራሴ ላይ ሲደርስ ኮራሁ። «ሚስቴን ሱቅ አላወጣም» አልኩ። ዘፈኑን ከስልኬ ወደ አንዲት ሚሞሪ አዛወርኩና ደበቅኩት። የት ደበቅከው በሉኝ። ሌባ ቢገባ ሣጥኑን ነው የሚሰብረው ብዬ፣ ለሽያጭ ከተደረደሩት ባዶ ሚሞሪዎች መካከል፣ ከሳህኑ ጠርዝ በኩል አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ራሴን በጣም ብልጥ አድርጌ ነበር የማየው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ክረምት ገብቶ መንገድ በተቆረጠበት ሰሞን ዘሀራ ታመመች፤ መንገዱ ሲከፈት እሷ አልነበረችም። አርባዋ ካለፈ በኋላ ድምጿን ልሰማ ወደ ሳህኑ ሄድኩ። ከጠርዙ በኩል ያለችው ሚሞሪ የለችም። እያንዳንዷን እያነሣሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስከት ዋልኩ፤ ሁሉም ባዶ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው አጨዳ፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ፣ እጄ ሳህኑ ላይ ሲሮጥ ነበር። አጥፍቼ፣ የጎጃም ዘፈን ሞልቼ፣ ለአንድ መንገደኛ ሸጫታለሁ። ያውም አልቀነስኩለትም።

ይሄን ለሰሚራ አልነገርኳትም። አድጋ፣ ተምራ፣ አሁን ደግሞ ጎንደር ልትዳር አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ ቀን ልብሷን እያጣጠፈች «አባባ፣ የእማዬ ድምፅ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ። «ፊቷ አለኝ፣ ፎቶው አለ። ድምጿ ግን አይመጣልኝም። ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አይመጣልኝም።» እኔም «ቀጭን ነበር» አልኳት። ለአንዲት ሙሽራ እናቷን «ቀጭን ነበር» ብሎ መስጠት! ሰልፉ ላይ ስልኩ የጮኸው ይሄን ባልኩ በአራተኛው ቀን ነው። ከእንግዲህ የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጄ ከቤቴ ሳትወጣ ያን ዘፈን ማግኘት።

ሙሉቀንን ይዤ አብዱ ጋ ሄድኩ። አብዱ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ዓይኑ ላይ ሁልጊዜ ማጉያ መነጽር አለ፣ አፉ ላይ ሁልጊዜ ፌዝ። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ «ጋሽ ኑሩ፣ እርስዎ ያኔ ያደረጉት ሰርቨር ይባላል» አለ። «ሁሉንም ነገር አንድ ቤት ማስቀመጥ። ቤቱ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። ዛፉ ሥር የነበሩት ናቸው የገባቸው።»

«ዛፉ ሥር የነበሩት ቆጣቢዎች ናቸው።»

«ዛሬ በኢንተርኔት ትልቅ ፊልም የሚወርደው በእነሱ መላ ነው እኮ። ፊልሙ ይቆራረጥና በየሰው ኮምፒውተር ይበተናል። እርስዎ ሲፈልጉት አንዱን ቁራጭ ከካርቱም፣ አንዱን ከጎንደር፣ አንዱን ከየትም ይለቅማሉ። እየለቀሙ ሳለ ደግሞ፣ እጅዎ የገባውን ቁራጭ ለሌላው ይሰጣሉ። ሙሉው ያለው ሰው ቤቱን ቢዘጋ እንኳ፣ ቁራጮቹ በየኪሱ ካሉ ተሰብስቦ ሙሉ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ምልክት ስላለው ቦታው አይጠፋም፤ የተበላሸ ቢመጣም ይታወቃል፣ ይጣላል።»

«ማን ምን እንደያዘስ ማን ይናገራል?»

«እሱን የሚያውቅ አንድ መዝጋቢ አለ። ዘፈኑ እሱ ጋ የለም፤ ማን ጋ እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ እሱስ እኔ አይደለሁም?» አልኩት። አብዱ መነጽሩን አውልቆ እያበሰ፣ «አንድ ቁራጭ ማንም ጋ ከሌለ ግን ጋሽ ኑሩ፣ እዚያው ይቆማል። ለማለቅ ትንሽ ሲቀረው ዓመት ይቀመጣል» አለ።

ከዚያ ወዲያ መዝጋቢነቴን ጀመርኩ። ሙሉቀን መጨረሻውን የወሰደው ካምፕ ውስጥ ከአንድ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ተደወለለት፤ አብርሃ ጅራ ካለ የትራክተር ሹፌር ወሰድኩት አለ። ሹፌሩ የማውቀው ያ የኮኪቱ ወሎዬ ሆኖ ተገኘ፣ ሸምግሏል። «አባዬ ኑሩ! በሕይወት አለህ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሰው ለምን እንደገደለኝ እንጃ። እሱ ጋ አሁን የቀረው የዘፈኑ መሀል ነው፤ የድሮ ስልኩ ሊሞት ሲል አዲሱን ከአጠገቡ ደቅኖ ድምፁን ከአየር ላይ ነው የቀዳው። በቴሌግራም ላከው። ስናዳምጠው ዘሀራ እየዘፈነች በመሀል አውራ ዶሮ ይጮኻል።

አብዱ «ይሄ ዶሮ ከመጀመሪያው ነበረ?» አለኝ።

«እኔ ቤት ዶሮ አልነበረም።»

«የተበላሸ ቁራጭ ነው ማለት ነው።»

«ተወው» አልኩ። «ይዝፈን፣ ምን ቸገረኝ።»

የጎደለው መጀመሪያው ነው፣ የልጄ ስም የሚነሣበት። ወሎዬው «እኔ የወሰድኩት ሰሊጥ ከምታበጥር ታንጉት ከምትባል ሴት ነው፣ ኮኪት ናት» አለኝ። ታንጉትን አውቃታለሁ። ከዘሀራ ጎን ተቀምጣ ታበጥር የነበረችው ናት፣ አጭርና ሳቂታ። በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ኮኪት ወረድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ ቆሞ እየደረቀ ነው፤ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይውጠናል። ታንጉት መጋዘን በር ላይ ተቀምጣ ወንፊት ስትጠግን አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። የመጣሁበትን ስነግራት ወንፊቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እንዴ፣ እርስዎ ጋ ያለ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች።

«ጠፋብኝ።»

«እንዴት ጠፋ?»

«ሸጥኩት» አልኳት። ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። አልሳቀችም፣ አልሰደበችኝም።

«ዘሀራ ናት የሰጠችኝ» አለች። «እርስዎ ቀትር ላይ ሲተኙ ስልክዎን አንሥታ። ‹ኑሩ ሊቆልፍበት ነው› አለችኝ። ባልሽ ቢያውቅ ይቆጣል ብላት፣ ‹ቁልፉ የሱ ነው፣ ድምፁ ግን የኔ ነው። የራሴን ድምፅ ለመስጠት ማንን አስፈቅዳለሁ?› አለችና ሳቀች። ሳቋን ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ።

ታንጉት ከጓዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ አመጣች፤ ያው የቻይናው፣ አንቴናው ተሰብሮ። ባትሪው እንደ ዳቦ አብጧል። የሚገጥመው ቻርጀር ከገበያ ከጠፋ ቆየ። «ባትሪው ካበጠ ወዲህ አልከፈት አለኝ፤ መጣሉ ግን እንቢ አለኝ» አለች። ልውሰደው ስላት፣ «እኔም እመጣለሁ፤ ደግሞ እንዳይሸጡት» ብላ ነጠላዋን አነሣች። ባጃጁ ውስጥ ስልኩን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ እንደያዘች መተማ ደረስን።

አብዱ ስልኩን በቀጭን መፍቻ ፈታው። ከባትሪው ሥር ሚሞሪዋ አለች፤ የመዳብ ጥርሶቿ አረንጓዴ ሆነዋል። በላጲስ አሻሸ፣ በትንፋሹ እፍ አለባት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተታት። ምንም። አውጥቶ እንደገና ከተታት። ምንም። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ። በሦስተኛው ጊዜ የዘፈን ዝርዝር ወጣ፤ ከመካከሉ «ወንፊት» የሚል አለ። ሲከፈት መጀመሪያው በደንብ ይሰማል፤ ትንሽ ሄዶ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይቆማል። ከመሀሉ ጀምሮ ሞቷል። ታንጉት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ወደ አብዱ ዞሬ «የመጀመሪያው ተገኘ አይደለም? መሀሉን ወሎዬው፣ መጨረሻውን ጎጃሜው ይዘውልናል። ቀጥላ!» አልኩት።

ማንም ሙሉውን አልነበረውም። ሦስቱ በአንድ ላይ ግን ነበራቸው።

አብዱ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጦ ቀጠለው። መጋጠሚያውን ያገኘው በጄኔሬተሩ ነው፤ ያ የድሮ ጄኔሬተሬ በየጊዜው ያስነጥስ ነበርና፣ ማስነጠሱን ከማስነጠሱ ጋር እያገጣጠመ ሰፋው። ስንት ዓመት የሰደብኩት ጄኔሬተር! ዶሮውም ቦታውን ይዞ ቀረ። ያለቀውን ስልኬ ላይ ጫነልኝ።

ሰሚራን ከቤት አስጠራኋት። እጇ ላይ የሠርጉ ሂና ገና አልደረቀም፤ እንዳይነካ ጣቶቿን ዘርግታ ገባች። «ምን ሆናችሁ? ማን ናቸው?» አለች ታንጉትን አይታ። ምንም አላልኳትም። አብዱ ከፈተው። ወንፊቱ ነቅነቅ ነቅነቅ አለ፣ ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ፣ ከዚያ ዘሀራ መጣች።

«ወንፊቴ ተነቅነቅ፣ ገለባው ይውጣልኝ፤
ሰሊጡን ይሽጡት፣ ሰሚራ ትቅርልኝ።»

ልጄ አላለቀሰችም። የተዘረጉ ጣቶቿን እንደያዘች ቆማ፣ ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ ጀመረች። መወዝወዟን የምታውቀው አይመስለኝም። ያ ወንፊቱ ሲነቀነቅ ጀርባ ላይ የነበረችው ልጅ መወዝወዝ ነው። ዶሮው ሲጮኽ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የወረደው። እናቷ «አንተ ኑሩ!» ብላ ስትጮኽብኝ ወደ እኔ ዞራ «ቀጭን አይደለም አባባ» አለች። «ወፍራም ነው። የኔን ይመስላል።»

እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስሰማው የኖርኩት ድምፅ ነው።

ሸጬው እንደነበር ያኔውኑ ነገርኳት። ትንሽ አየችኝና «አባባ፣ ስልክህን ያዝልኝ፣ ሂናዬ እንዳይበላሽ» አለች። ከዚያ በአንድ ጣቷ ጫፍ እየነካካች ዘፈኑን ለታንጉት ላከች፣ ለወሎዬው ላከች፣ ለሙሉቀን ላከች፣ ጎንደር ላሉት አማቾቿ ላከች። እጄ አንድ ጊዜ ልትከለክላት ተንቀሳቅሳ ነበር፤ የድሮ በሽታ አይለቅም። መለስኳት። በሠርጉ ቀን ከድንኳኑ ሰው በግማሽ ያህሉ ኪስ ውስጥ ዘሀራ ነበረች።

ሰሚራ ጎንደር ሄደች። ሰሊጡ ይሸጥ፣ እሷ ትቅር ብላ ነበር እናቷ፤ ሰሊጡም ተሸጠ፣ እሷም ሄደች። ቤቱ ሰፍቶብኛል። ሰልፉ ግን ያው ነው፣ ትናንትም እዚያችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ላቤን ስጠርግ ነበር። ከፊት ከፊቴ የአንዱ ስልክ «አንተ ኑሩ!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቱን አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። የሚያውቁኝ የሰልፉ ሰዎች ግን ዞረው «ጋሽ ኑሩ፣ ይጠሩዎታል!» አሉ።

«አቤት» አልኩ።